ለውሻ ልብስ፦ የትኛው ውሻ ያስፈልገዋል? ከአሮጌ ሹራብስ እንዴት ይሰፋል?

አክስቴ ባለፈው ሐምሌ ቤቴ መጥታ ውሻዬን ቡቺን ሹራብ ለብሳ ስታያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ኧረ በስመአብ! ቀጥሎ ደግሞ ጫማ ልትገዢላት ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኛ ዘንድ ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ልብስ አይለብስም። ቡቺ ግን 13 ዓመት ሞልቷት፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ ጠዋት ጠዋት የኋላ እግሯ አልታዘዝ የሚላት አሮጊት ናት። በክረምቱ ጭቃና ብርድ ስትንቀጠቀጥ እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ያም ሆኖ ውሻ ያለው ሁሉ ሹራብ ያልብስ አልልም። አብዛኛው ውሻ አያስፈልገውም፤ አንዳንዱን እንዲያውም ይጎዳዋል። እንዴት እንደምትለዩ፣ ካስፈለገም ያለ ብዙ ወጪ እንዴት እንደምትሠሩ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ፀጉሩን ዳብሱ

ጣታችሁን ጀርባው ላይ ወደ ውስጥ አስገቡ። ከረጅሙ ፀጉር ሥር እንደ ባዘቶ የለሰለሰና ጥቅጥቅ ያለ ሌላ ፀጉር ካገኛችሁ ውሻችሁ ካፖርቱን ይዞ ነው የተወለደው። ጀርመን ሼፐርድና ሀስኪ እንደዚህ ናቸው። እነሱን ሹራብ መደረብ ሙቀት ማፈን ነው። ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ላቡ የሚወጣው ከእግሩ መዳፍ ብቻ ስለሆነ ዋናው ማቀዝቀዣው ምላሱን አውጥቶ ማለክለክ ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ40 ካለፈ አደጋ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ልብሱን አውልቃችሁ ሐኪም ጥሩ።

ደጅ ያደገ ጤነኛ የሀበሻ ውሻም ሆዱ ከጠገበና መኝታው ደረቅ ከሆነ የአዲስ አበባን ብርድ ይችለዋል።

ልብስ የሚጠቅማቸው ሌሎች ናቸው፦ ፀጉራቸው አጭርና ስስ የሆነ ቀጫጭኖች፣ ለምሳሌ ቺዋዋና ግሬይሀውንድ፤ ቡችሎች፤ አሮጌዎች፤ ከሕመም ያገገሙ፤ በቅርቡ የተላጩ። ትንሽ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ብርዱ ሲሰማው ውሻው ራሱ ይናገራል፦ ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ጭራውን እግሩ መሀል ይከታል፣ እግሩን እየቀያየረ ያነሳል፣ በር በሩን ያያል።

አገሩም ይወስናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቆረጥማል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ውርጭ ይወርዳል። ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁ ግን ነገሩን እርሱት። ለእናንተ ውሻ ጥላና የሚጠጣ ውኃ ይበልጥበታል።

የግቢ ጠባቂ ከሆነ ቤቱን አስተካክሉለት

ሌሊቱን ደጅ የሚያድር ውሻን ሹራብ አልብሶ መተው ስህተት ነው። ዝናብ ያገኘው ሹራብ በውኃ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ውሻው ምንም ካልለበሰው በላይ ይበርደዋል። አጥር ወይም ሽቦ ላይ ተይዞ ሊያንቀውም ይችላል።

ለሹራብ የምታወጡትን ገንዘብ ለቤቱ አውሉት። ወለሉን በብሎኬት ወይም በጣውላ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። በሩን ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሩት። ቤቱ ውሻው ቆሞ ለመዞርና ተጠቅልሎ ለመተኛት ይብቃው እንጂ አይስፋ፤ ሰፊ ቤት በውሻው ትንፋሽና ገላ አይሞቅም። ውስጡ አሮጌ ብርድ ልብስ አታንጥፉ፣ እርጥበት ይይዛል። ደረቅ ጭድ በደንብ አድርጋችሁ ሙሉና በየሳምንቱ ቀይሩ። ጠባቂ ውሻ ያላችሁ ከዚህ ጽሑፍ ይህችን ብቻ ብትወስዱ ይበቃኛል።

ልኬት

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ፤ ከሌለ ክር ለክታችሁ በማስመሪያ አንብቡ። ውሻው ቆሞ ሦስት ቦታ ይለካል፦ አንገቱ ማሰሪያው በሚያርፍበት ላይ፣ ደረቱ ከፊት እግሮቹ ጀርባ በሰፊው ቦታ ዙሪያውን፣ ጀርባው ደግሞ ከአንገቱ ሥር እስከ ጭራው መነሻ።

ከሦስቱ የሚወስነው ደረቱ ነው። የአንዱ ፋብሪካ «ሚዲየም» የሌላው «ስሞል» ሊሆን ስለሚችል ፊደሉን ሳይሆን የደረቱን ሴንቲሜትር አይታችሁ ግዙ። በሁለት ልክ መሀል ከወደቀ ትልቁን ውሰዱ። ሲለብስ በልብሱና በገላው መሀል ሁለት ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። ርዝመቱ ከጭራው መነሻ ሁለት ሦስት ጣት ሲቀረው ይቁም።

ከሹራብ እጅጌ መሥራት

ከአምስት ኪሎ ለማይበልጥ ውሻ የአዋቂ ሰው ሹራብ አንድ እጅጌ ይበቃል። ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ለስላሳውን ምረጡ። ቆዳችሁን የሚኮሰኩስ ሹራብ ውሻችሁንም ይኮሰኩሰዋል፤ አንገታችሁ ላይ አሻሽታችሁ ሞክሩት።

የእጅጌው ጠባብ ጫፍ፣ የእጅ አንጓ የሚይዘው፣ የውሻው አንገት ይሆናል። ከመቁረጣችሁ በፊት በጭንቅላቱ ማለፉን አረጋግጡ። እኔ የመጀመሪያውን ሳልሞክር ቆርጬ፣ የቡቺ ጆሮ ላይ ቀርቶ አንድ እጅጌ ከስሬያለሁ።

ካለፈ ከዚያ ጫፍ ጀምራችሁ የጀርባውን ርዝመት ለኩ፣ ለእጥፋት አራት ሴንቲሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ። ከዚያ ጨርቁን ውሻው ላይ አጥልቁና የፊት እግሮቹ የሚወጡበትን ሁለት ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አውልቁት፣ ቀዳዳዎቹን ከምልክቱ አሳንሳችሁ ቁረጡ፤ የጠበበውን ማስፋት ይቻላል፣ የሰፋውን ማጥበብ ግን አይቻልም። ብብቱ ከጠበበ ፀጉሩ ይቋጠራል፣ ቆዳውም ይላጣል።

ወንድ ከሆነ የሆዱን በኩል ወደ ደረቱ ቅርብ ድረስ ግማሽ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡለት። ይህ ካልተደረገ በመጀመሪያው ሽንት ሹራቡ ይበላሻል።

የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ አጥፋችሁ ስፉ። መኪና ካላችሁ በዚግዛግ፣ ከሌላችሁ በእጅ ክሩን ላላ አድርጋችሁ፤ ጠብቆ የተሰፋ ሲለጠጥ ይበጠሳል። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ሪባን አታድርጉበት። ውሻ ያኝከዋል፣ ያኘከውን ይውጠዋል፣ የተዋጠው አንጀቱ ውስጥ ተሰንቅሮ ለኦፕሬሽን ይዳርገዋል።

ለመካከለኛ ውሻ የልጅ ቲሸርት ወይም ሹራብ የፊቱን ወደ ጀርባው አዙራችሁ አልብሱ፤ የፊት እግሮቹ በእጅጌው ይወጣሉ፣ ትርፉን ወገቡ ላይ ሰብስባችሁ ቋጠሮውን ከላይ አድርጉት። ኦፕሬሽን የሆነ ውሻ ቁስሉን እንዳይልስም አንገቱ ላይ በሚታሰረው ፕላስቲክ ፋንታ አንዳንድ ሐኪም ይህን ይፈቅዳል፤ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ማለማመድ

አዲስ ልብስ ድንገት አልብሳችሁት ድርቅ ብሎ ቢቆም «እንዴት ጨዋ ሆነ!» አትበሉ። ፈርቶ ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ መለጠፍ፣ ሳይርበው ከንፈሩን መላስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ማዛጋት፣ የዓይኑን ነጭ ማሳየት፣ ሁሉም ጭንቀት ነው። በኢንተርኔት የምንስቅባቸው ጫማ ለብሰው እግራቸውን እየወረወሩ የሚራመዱ ውሾችም ብዙዎቹ ግራ ተጋብተው ነው።

የመጀመሪያ ቀን ልብሱን ያሽትተው፣ ሥጋ ስጡት። በማግስቱ ጀርባው ላይ ጣል አድርጋችሁ ስጡት፣ አንሱት። ከዚያ ጭንቅላቱን ብቻ፣ ከዚያ እግሮቹን፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ። ቡቺ በአራተኛው ቀን ራሷ አንገቷን አስገባች። ሳምንት ሙሉ እምቢ የሚልም አለ፤ ተዉት፣ ምንጣፍ አንጥፉለት።

ከለበሰ በኋላ ብቻውን አትተዉት፣ ሌሊት አውልቁለት፣ ከረጠበ ወዲያው ቀይሩለት። ባወለቃችሁ ቁጥር ብብቱንና አንገቱን ፈትሹ፤ መዥገርና ቁንጫ ከልብስ ሥር ተደብቀው ሊቆዩ ይችላሉ።

ውጭ አገር ላላችሁ

ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ያላችሁ ወገኖቼ ነገሩን ከእኔ ታውቁታላችሁ፤ ጥር ላይ ስስ ፀጉር ያለው ውሻ ያለ ካፖርት ከቤት አይወጣም። እግሩን ግን አትርሱ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፉን ይሰነጥቀዋል፣ ሲልሰውም ሆዱን ያውከዋል። ወይ ጫማ አድርጉለት፣ ወይ ቤት ስትገቡ እግሩን ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። ጫማ ቅብጠት እንዳይመስላችሁ፦ በአላስካው ኢዲታሮድ፣ ውሾች በረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ በሚጎትቱበት ውድድር፣ ያንን ሁሉ ፀጉር ለያዙ ውሾች እንኳ፣ ተወዳዳሪው ለእያንዳንዱ ውሻ ስምንት የእግር መሸፈኛ መያዝ ግዴታው ነው።

ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ችግራችሁ የተገላቢጦሽ ነው። ልብሱን ተዉትና አስፋልቱን የእጃችሁን ጀርባ አሳርፋችሁ ፈትኑ። ሰባት ሰከንድ ካላስቻላችሁ የውሻውንም መዳፍ ያቃጥላል፤ ጎህ ሲቀድ ወይም ከመሸ ውጡ።

ለእንቁጣጣሽ ፎቶ ጥለት ያለው የሀበሻ ልብስ የሚያለብሱም አይቻለሁ። ያምራል። ውሻው ካልተጨነቀ አምስት ደቂቃ ማንንም አይጎዳም፤ ፎቶው እንዳለቀ አውልቁለት።

አክስቴ በቀደም ደወለች። ጎረቤቷ ያመጣት ቡችላ ሌሊት ሌሊት እያለቀሰች አላስተኛቻትም። «ያ ሹራብ፣ ያንዱን እጅጌ ነው አይደል የቆረጥሽው?» አለችኝ። «ሌላኛውን እንዳትጥዪው።»