በበረደ አፈር ውስጥ ሲዚየም-137ን መከታተል፦ ከቁፋሮው እስከ ስሌቱ

በስካንዲኔቪያ ተራሮች አፈር ውስጥ ዛሬም የሚገኘው ጨረር አመንጪው ሲዚየም-137 ከሁለት ቦታ የመጣ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአየር ላይ ከፈነዱት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎችና እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል አደጋ። ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ በስብሶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ) 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ በ1986 ከወረደው ውስጥ ከ40 ዓመት በኋላም 40 በመቶ ያህሉ አለ። ለዶክትሬት የሚበቃው ጥያቄ ግን መጠኑ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ጥልቀት ላይ እንደቆመና ለምን እዚያ እንደቆመ ነው። ይህ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው።

ቦታው ያልታረሰና ሜዳማ ይሁን። ከተዳፋት ግርጌ አትቆፍሩ፤ በጸደይ የሚቀልጠው በረዶ ውኃ ገና በርዶ ወደ ጠነከረው መሬት መግባት ስለማይችል በላዩ እየፈሰሰ ብክለቱን እዚያ ያከማቻል። ክብ ክብ ሆኖ የተራቆተ መሬት ካያችሁም ተጠንቀቁ፤ ውርጩ አፈሩን ከሥር ወደ ላይ እያገላበጠው ስለሆነ የንብርብሩ ቅደም ተከተል ጠፍቷል።

ለበረደ አፈር 7.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን የሲፕሬ መሰርሰሪያ (የበረደ አፈርንና በረዶን እየቆረጠ ዓምድ አድርጎ የሚያወጣ ባዶ በርሜል) ተጠቀሙ። ላልበረደ አፈር በመዶሻ የሚገባ የብረት ቱቦ ይበቃል፤ ነገር ግን ቱቦው አፈሩን ይጨቁናል። የጉድጓዱን ጥልቀትና የወጣውን የአፈር ዓምድ ርዝመት ለየብቻ ለኩ። ጉድጓዱ 30፣ ዓምዱ 26 ሴንቲሜትር ከሆነ ልዩነቱን መዝግቡት፤ በኋላ በግምት አይሞላም።

በረዶ ሆኖ የወጣው ዓምድ ሳይቀልጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ፤ ከቀለጠ ውኃው ይወርዳል፣ የሟሟውም ነገር አብሮት ይወርዳል። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ላይኛውን 20 ሴንቲሜትር በየ2፣ የቀረውን በየ5 ሴንቲሜትር በመጋዝ ቁረጡት። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ፤ ብክለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው ላይ ስለሆነ መጋዙ ከንጹሁ ወደ ቆሻሻው ይሄዳል። ቱቦው ሲወርድ የላዩን አፈር ጎኑ ላይ ይለስነዋልና የእያንዳንዱን ቁራጭ ዙሪያ 5 ሚሊሜትር ፋቁ። ይህ ካልተደረገ ሲዚየሙ ከእውነተኛው በላይ ጠልቆ የወረደ ይመስላል። ከፋቃችሁ በኋላ ስፋቱ 6.5 ሴንቲሜትር መሆኑን አትርሱ፤ በካሬ ሜትር ስታሰሉ በ7.5 ስፋት በተሰላ ካሬ ካካፈላችሁ ውጤቱ በሩብ ያንሳል።

በ105 ዲግሪ አድርቁ፤ ብስባሽ የበዛበት አፈር ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይቆይ። በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ነፍታችሁ ድንጋዩን ለብቻው መዝኑ። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ ጥልቀትን በሴንቲሜትር ብቻ ሳይሆን በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ባለው ደረቅ ክብደትም ጻፉ።

የጨረሩ ቆጠራ በጀርማኒየም ዲቴክተር (ጨረሮችን በጉልበታቸው ለይቶ በሚቆጥር መሣሪያ) ይሁን። የሲዚየም ጫፍ፣ ማለትም ቆጠራው ከፍ የሚልበት ቦታ፣ 661.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ ይታያል፤ ከ100 መበስበስ 85ቱ ይህንን ጨረር ይሰጣሉ። በተፈጥሮ የሚገኘው ቢስሙዝ-214 በ665 አካባቢ ደካማ ጫፍ አለው፤ ጀርማኒየም ይለየዋል፣ ርካሹ የሶዲየም አዮዳይድ መለኪያ ግን አንድ ላይ ያያቸዋል። የጫፉን የተጣራ ቆጠራ በዲቴክተሩ ብቃት፣ በ0.85፣ በሰከንዱና በኪሎው ብታካፍሉ ቤክሬል (በሰከንድ አንድ መበስበስ) በኪሎግራም ይመጣል። የብቃቱ ልኬት በተመሳሳይ ዕቃና በተቀራረበ እፍግታ ይሠራ፤ ብስባሽና ድንጋያማ አፈር ጨረሩን እኩል አያስቀሩም። ጥልቅ ላሉት ቁራጮች አንድ ሙሉ ቀን መቁጠር የተለመደ ነው።

ብርድና ቅልጠት ሲዚየሙን ያንቀሳቅሱት እንደሆነ ለማየት ዓምዱን እያቀዘቀዙ በሚያቀልጡበት ሙከራ ላይ በጣም የሚሳሳቱበት ነገር አቅጣጫው ነው። ዓምዱን ተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስገባችሁት ከየጎኑ ይበርድና የሟሟውን ሁሉ ወደ መሃል ይገፋዋል፤ ሜዳ ላይ እንዲህ የለም። ጎኑንና ሥሩን በደንብ ሸፍኑት፣ ብርዱ ከላይ ብቻ ይምጣ። ለማነጻጸሪያ ያንኑ ያህል ጊዜ 4 ዲግሪ ላይ የቆየ ዓምድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የብርዱን ሥራ ከጊዜው ሥራ መለየት አይቻልም።

አፈሩ ሲዚየምን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ሲለካ፣ ጨረር የሌለውን ሲዚየም በብዛት ጨምሮ ፈቃድ ከመጠየቅ ማምለጥ ያጓጓል። ግን ሲዚየምን አጥብቀው የሚይዙት ኢላይት በሚባለው የሸክላ ማዕድን የተሰነጠቁ ጠርዞች ላይ ያሉ ጥቂት ቦታዎች ናቸው፤ እነሱን ካጥለቀለቃችኋቸው አፈሩ ደካማ ይመስላል። የሲዚየሙ መጠን እጅግ ጥቂት ይሁን። አሠራሩ ደግሞ፦ 1 ግራም አፈር ሲዚየም ላለበት 30 ሚሊሊትር ውኃ፣ ለ24 ሰዓት ማናወጥ፣ ሁለተኛውን ስብስብ ለሳምንት፤ መያዙ ቀስ ብሎ ይቀጥላልና። ፖታሲየምና አሞኒየምም ለእነዚያው ቦታዎች ስለሚሻሙ በውኃው ውስጥ ያለውን መጠናቸውን አብራችሁ ለኩ።

ከሲዚየሙ ጋር የወረደው ሌላው ጨረር አመንጪ፣ ስትሮንሺየም-90፣ ጋማ ጨረር በሚቆጥረው በዚህ ዲቴክተር አይታይም። በኬሚካል ከተለየ በኋላ ከመበስበሱ የሚወለደውና የሚቆጠረው ኢትሪየም-90 እስኪሞላ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆይ። ስትሮንሺየም እንደ ሲዚየም አይታሰርም፤ ከካልሲየም ጋር እየተለዋወጠ ውኃውን ተከትሎ ይወርዳልና የታችኞቹን ቁራጮች አትጣሉ።