ቦርድ ስትመርጡ የሚሸውዷችሁ ነገሮች

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጣሪያ ላይ ሮቶ አለን። ውስጡ ስንት እንደቀረ ለማወቅ መሰላል አቁሞ መውጣት፣ ክዳኑን ከፍቶ ማየት የግድ ነበር። ሲሰለቸኝ "ለምን በስልኬ አላየውም?" አልኩ። አንድ ኢኤስፒ32 ገዛሁ፤ ዋይፋይ ያለው፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። ድምፅ ልኮ ርቀት የሚለካውን ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር ከክዳኑ ስር ሰቀልኩ። አርዱዊኖ ኡኖ ለሚባል ሌላ ቦርድ የተሳለ የገመድ ንድፍ አገኘሁና እንዳለ ገለበጥኩት። ሁለት ቀን አሪፍ ሰራ። በሶስተኛው ቀን ሮቶው ሞልቶ ጣሪያው ላይ ይፈሳል፣ ስልኬ ግን "0" ይላል።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው "የቱን ቦርድ ልግዛ?" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ልታገናኝበት ነው?" ብዬ ነው። ከታች ያሉት እኔም የሰራኋቸው፣ ሌሎችም ሲሰሩ ያየኋቸው ስህተቶች ናቸው።

ሜጋኸርዝ ቆጥሮ መግዛት

ኡኖ አር3 (ሶስተኛው እትም) ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ በ16 ሜጋኸርዝ ይሰራል፤ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ራስበሪ ፓይ ፒኮ የሚባለው ቦርድ 133 ነው፤ ኢኤስፒ32 ደግሞ እስከ 240 ይሄዳል። ወረቀት ላይ ኡኖ ኤሊ ነው። ግን አስቡት። ድምፅ አንድ ሴንቲሜትር ሄዶ ለመመለስ 58 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ያ "ኤሊ" ከ900 ጊዜ በላይ ይመታል። የሮቶ ውሃ ደግሞ የትም አይሮጥም፤ በደቂቃ አንዴ ቢለካ ይበቃል። ኢኤስፒ32 መግዛቴ ትክክል የነበረው ዋይፋይ ስላለው እንጂ ስለፈጠነ አይደለም። ፍጥነት የሚያስፈልገው ካሜራ ወይም ድምፅ የሚነካ ስራ ካላችሁ ነው።

5 ቮልትን ከ3.3 ቮልት ጋር ማደባለቅ

ሮቶዬን ያፈሰሰው ይሄ ነው። በእኔ ግምት ብዙ ቦርድ የሚገድለውም ይሄው ነው።

ኡኖ የ5 ቮልት ቦርድ ነው። ፒኖቹ (ገመድ የሚሰካባቸው እግሮቹ) 5 ቮልት ያወጣሉ፣ 5 ቮልትም ይቀበላሉ። ኢኤስፒ32፣ ፒኮ እና የቀድሞው ኢኤስፒ8266 ግን የ3.3 ቮልት ልጆች ናቸው። ሰው የሚሸወደው ቦርዱ ላይ "5 ቮልት" ወይም "ቪን" የሚል ጽሁፍ ስለሚያይ ነው። ያ የኃይል መግቢያ ነው። ቦርዱ ራሱ ወደ 3.3 ዝቅ አድርጎ ለቺፑ ይሰጠዋል። ሌሎቹ ፒኖች እንዲህ ዓይነት ጠባቂ የላቸውም።

የኔ ሴንሰር ደግሞ በ5 ቮልት የሚበላ ነው። ድምፅ ልኮ ሲመለስለት "ኤኮ" በሚባለው እግሩ ምላሽ ይሰጣል፤ ምላሹም 5 ቮልት ነው። ለኡኖ የተሳለው ንድፍ ኤኮን በቀጥታ ከፒን ጋር ያገናኛል፣ ለኡኖ ትክክል ነው። እኔ ይህንኑ ኢኤስፒ32 ላይ አደረግኩት። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። ፒኗ ሁለት ቀን ታገሰችና ዝም አለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሏል ይሄ ነው።

መፍትሄው ሁለት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ነበር፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል። ከኤኮ ተነስቶ 1 ኪሎኦም፣ ከዚያ ፒኗ፣ ከፒኗ ወደ ግራውንድ (የቦርዱ ኔጌቲቭ) 2 ኪሎኦም። 5 ቮልቱ ሲከፋፈል ፒኗ ላይ የሚደርሰው 3.33 ገደማ ነው። 2 ኪሎኦም ከሌላችሁ ሁለት 1 ኪሎኦም ቀጥሉ። (በነገራችን ላይ ይህ ሴንሰር እርጥበት አይወድም። አሁን የሰቀልኩት ውሃ የማያስገባውን ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ነው። እሱም ከ20 ሴንቲሜትር በታች የቀረበበትን አያይም፤ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።)

በተቃራኒውም ችግር አለ። ኤንአርኤፍ24 የሚባለውን የሬዲዮ ሞጁል ኡኖ ላይ 5 ቮልት ብታበሉት ይሞታል፤ ኃይሉን ከ3.3 ቮልት ፒን መስጠት አለባችሁ። ባለቀለም መብራት የሚደረደርበት ደብሊውኤስ2812 ደግሞ በ5 ቮልት ሲሰራ ትዕዛዙን ቢያንስ በ3.5 ቮልት ይፈልጋል። ከፒኮ 3.3 ሲላክለት አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ በራሱ ሙድ ያብለጨልጫል። ሰው ይሄኔ ኮዱን ሲጎረጉር ያድራል።

ስሙ አንድ ስለሆነ አንድ ነው ማለት

ራስበሪ ፓይ እና ራስበሪ ፓይ ፒኮ የሚጋሩት ስማቸውን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ስርዓት) የሚጫንበት ኮምፒውተር ነው፤ አናሎግ (ከፍ ዝቅ የሚል ቮልት) የሚያነብ ፒን ግን የለውም። ፒኮ በ2021 የወጣ ማይክሮኮንትሮለር ነው፣ የተጫነበትን ኮድ ብቻ የሚያሄድ፤ ሶስት አናሎግ ፒን አለው፣ ሊነክስ የሚባል ነገር አያውቅም። ዋይፋይ ያለው ደግሞ "ደብልዩ" የሚል ቅጥያ ያለው ብቻ ነው። ተራው ፒኮ እግሮቹ ሳይበየዱ ነው የሚመጣው። ካውያ ከሌላችሁ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ልትሰኩት አትችሉም።

ኢኤስፒ32ም አንድ ቺፕ መሆኑ ቀርቷል፣ ቤተሰብ ሆኗል። ኤስ2 ብሉቱዝ ጭራሽ የለውም። ሲ3 እና ኤስ3 ያላቸው ኃይል ቆጣቢውን ብሉቱዝ ብቻ ነው። ስልክ ላይ በቀድሞው ብሉቱዝ የሚነዳ መኪና ልትሰሩ ከሆነ የሚሆናችሁ በ2016 የወጣው የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ነው። እነዚህ ሁሉ የሚያዩት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ነው። የስልካችሁ ሆትስፖት 5 ጊጋኸርዝ ላይ ከሆነ ስሙን እንኳ አያገኙትም።

ይህ ነገር ኡኖንም አይምርም። አር3 እና በ2023 የመጣው አር4 መልካቸው ቁጭ አንድ ነው። ግን አር3 ከአንድ ፒን 20 ሚሊአምፔር በሰላም ሲያወጣ፣ አር4 የሚፈቀድለት 8 ብቻ ነው። የድሮ ፕሮጀክታችሁን ነቅላችሁ እሱ ላይ ስትተክሉ ይህን አስታውሱ። ሞተርና የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ጥቅልል ግን ለሁለቱም ከባድ ነው። የተለመደችው ሰማያዊ የ5 ቮልት ሪሌይ ጥቅልሏ ብቻ 70 ሚሊአምፔር ያህል ትጠጣለች። ትራንዚስተር የተገጠመለትን ሞጁል ግዙ። ከሪሌይዋ በሌላው ጎን 220 ቮልት ካለ ደግሞ ኤሌክትሪሽያን ጥሩ።

ፒን ቆጥሮ መርካት

ኢኤስፒ32 ቦርድ ዳርና ዳሩ ላይ እስከ 38 እግር ይደረድራል። ሀብታም ይመስላል። ከ6 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች ግን ኮዱ ከተቀመጠበት ፍላሽ ጋር ተይዘዋል፣ አትንኳቸው። 34፣ 35፣ 36 እና 39 የሚቀበሉ ብቻ ናቸው፤ መብራት አያበሩም። 12 ቁጥር ላይ ያሰራችሁት ነገር ቦርዱ ሲነሳ ወደ ላይ ከጎተታት ቦርዱ ጭራሽ አይነሳም። የሚያበሳጨው ደግሞ ዋይፋይ ሲበራ ከአናሎግ ፒኖቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማንበብ ማቆማቸው ነው። ከዋይፋይ ጋር የምትተማመኑባቸው 32፣ 33 እና እነዚያ አራት ተቀባዮች ናቸው። ሶስት የአፈር እርጥበት ሴንሰር ለሚያገናኝ ሰው ይበቃሉ፤ አስቀድሞ ካወቀ።

ሚሞሪን በፊደል አለመለካት

ኡኖ 2 ኪሎባይት ራም (ኮዱ ሲሰራ የሚጠቀምበት ሚሞሪ) አለው፤ 2048 ባይት ማለት ነው። 128 በ64 የሆነችዋን ትንሽ ኦሌድ ስክሪን በተለመደው ላይብረሪ ስታሰሯት ለምስሉ ብቻ 1024 ባይት ትይዛለች። ግማሹ ሄደ። ኮዱ ይጫናል፣ ስህተት አይልም፣ ከዚያ መሃል ላይ ይንቀጠቀጣል ወይም ራሱን ያስነሳል። ፒኮ 264፣ ኢኤስፒ32 ደግሞ 520 ኪሎባይት ስላላቸው ይህን ችግር አያውቁትም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲሆን የአማርኛ ፊደል ሶስት ነው። "ሰላም" ዘጠኝ ባይት ይወስዳል። ባለ ሁለት መስመሩ ኤልሲዲ ደግሞ ፊደላችንን ከነጭራሹ አያውቀውም፤ በ5 በ8 ነጥብ ራሳችሁ ስላችሁ የምታስገቡት ስምንት ምልክት ብቻ ይፈቅዳል። እኔ "ውሃ አለቀ" ለማለት አምስት ፊደል ስያለሁ። "ሃ" ትንሽ ሹካ ትመስላለች፣ ግን ቤተሰቡ ለምዷታል።

ላፕቶፕ ላይ ሰራ ብሎ ባትሪ ላይ መስቀል

አራት ማዕዘኗ 9 ቮልት ባትሪ ፎቶ ላይ ታምራለች። የያዘችው ግን 500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ኡኖ ምንም ሳይሰራ ወደ 50 ሚሊአምፔር ይበላል፤ ከ5 በላይ ያለውን ቮልት ደግሞ በሙቀት ያባክነዋል። ማታ ብትሰኩት ጠዋት ላታገኙት ትችላላችሁ።

ኢኤስፒ32 "በጥልቅ እንቅልፍ 10 ማይክሮአምፔር" ይባልለታል። እውነት ነው፣ ቺፑ ብቻውን ሲሆን። ቦርዱ ላይ ግን የማትተኛ ቀይ መብራት፣ የዩኤስቢ ቺፕና ቮልቴጅ መቀነሻ አሉ። እነሱ ሲደመሩ ሚሊአምፔር ውስጥ ይገባል። ዋይፋዩ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ብዙ መቶ ሚሊአምፔር ይስባል። ቦርዱ በየሰከንዱ እየተነሳ "ብራውንአውት" (ኃይል አነሰኝ) ካላችሁ ኮዱን ተዉት፤ ቢያንስ ግማሽ አምፔር የሚሰጥ ቻርጀርና ወፈር ያለ ገመድ ፈልጉ።

ኮፒውን መስደብ

የአርዱዊኖ ንድፍ ክፍት ነው፣ ሰርቶ መሸጥ ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው ስሙን መጠቀም ነው። ኮፒው ብዙውን ጊዜ ሲኤች340 የሚባል የዩኤስቢ ቺፕ ይዞ ይመጣል። ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ቦርዱን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ሶፍትዌር) መጫን ሊያስፈልግ ይችላል፣ በቃ። አዲስ አበባ ሆኖ ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣ ቦርድ ለሚጠብቅ ሰው ከአንድ ኦሪጅናል ሁለት ኮፒ ይሻለዋል እላለሁ። አንዱ ማረሩ አይቀርም።

ድራይቨር ካነሳን አይቀር፣ አንድ ጊዜ ቦርዱ ኮምፒውተሬ ላይ አልታይ ብሎኝ ሁለት ሰዓት ታግያለሁ። ድራይቨሩን ሶስት ጊዜ ነቅዬ ጫንኩ፣ ሻጩንም በሆዴ ረገምኩት። ለካስ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ የዳታ ሽቦ የሌለው ነው። አሁን ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ "ለስልክ" ብዬ ጽፌበታለሁ።