«ስንት ትምህርት ቤት ላመልክት?» ውጤታቸው ዝቅ ያለ የሕክምና አመልካቾች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ከቨርጂኒያ ለበዓል ከመጡ አንድ አባት ጋር ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ ቡና ቤት ተቀጣጠርን። የዘጌ ቡናችን ከመድረሱ በፊት ስልካቸውን አውጥተው የልጃቸውን የማመልከቻ ዝርዝር አሳዩኝ። አርባ ሦስት የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ሃርቫርድ ነው። ልጅቱ ከኮሌጅ የያዘችው አማካይ ውጤት 3.3 ሲሆን ኤምካት በሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ያገኘችው 503 ነው። «ዘንድሮ ሠላሳ ቦታ አመልክታ አንድም አልጠራትም፤ እና እህቴ፣ ለሚመጣው አሥራ ሦስት ጨመርንበት» አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሕክምና ትምህርት የሚያመለክቱ ተማሪዎችን አማክሬያለሁ። ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላም ይህ ዝርዝር ይከተለኛል፤ የወላጁ ስም ይለያያል እንጂ ዝርዝሩ አንድ ነው። የቤተሰብ ገንዘብ ሲፈስስና የልጅ ልብ ሲሰበር ደጋግሜ ስላየሁ ልጽፈው ተነሣሁ።

ቁጥሩን አስቀድሞ መቁረጥ

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰው «ስንት ላመልክት?» ብሎ ይጠይቀኛል እንጂ «ማመልከቻዬን ከልቡ የሚያነብ የትኛው ነው?» ብሎ የጠየቀኝ በጣት ይቆጠራል። ምክንያቱ ይገባኛል። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትነን፣ ምርጫችንን በተርታ ሞልተን፣ ምደባ ስንጠብቅ ያደግን ሰዎች ነን። ምርጫ ያበዛ አንዱ ጋ ይመደባል ብለን እናስባለን። አሜሪካ ግን መዳቢ የለም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለራሱ ያነብባል፣ ለራሱ ይወስናል፤ አርባ ቦታ ማመልከት አርባ ጊዜ «አይሆንም» መባልን አያስቀርም።

በአሜሪካ ወደ ኤም.ዲ. (የተለመደው የሕክምና ዶክትሬት) ትምህርት ቤቶች የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ ውጤት 3.8 ገደማ፣ ኤምካታቸው 512 ገደማ ነው። ይህ ማለት 3.3 እና 503 የያዘች ልጅ አትገባም ማለት አይደለም፤ በሯን መርጣ ማንኳኳት አለባት ማለት ነው። ከአባትዬው ዝርዝር ውስጥ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ አለበት። የሚሲሲፒ ነዋሪ ያልሆነ አይቀበልም። የሰሜን ካሮላይናው ብሮዲም አለበት። እሱም የግዛቱን ነዋሪ ብቻ ነው የሚቀበለው። ልጅቱ የቨርጂኒያ ነዋሪ ናት፤ ለሁለቱም የተከፈለው ገንዘብ ማንም ላልከፈተው ፖስታ የተከፈለ ነው። የቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ከሚቀበሏቸው ዘጠና በመቶው የግዛቱ ነዋሪዎች እንዲሆኑ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሽንግተን ለቨርጂኒያ ቅርብ ስለሆኑ የእኛ ሰው ሁልጊዜ ይጨምራቸዋል። እያንዳንዳቸው ለሁለት መቶ ገደማ ወንበር በየዓመቱ ከአሥር ሺህ በላይ ማመልከቻ እንደሚደርሳቸው ግን አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ዘመድ ማስቸገር አያስፈልግም። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ኤም.ኤስ.ኤ.አር. የሚባል የመረጃ ቋት አለው፤ ለዓመት የሚከፈልበት ከአንድ ማመልከቻ ዋጋ ያነሰ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከግዛቱ ውጭ ስንት ሰው እንደጠራና ስንት እንዳስገባ፣ የገቡት ውጤትም ከየት እስከ የት እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የልጅዎ ውጤት እዚያ ከሚታየው ዝቅተኛ እርከን በታች ከሆነና ልጅዎ የዚያ ግዛት ነዋሪ ካልሆነ የትምህርት ቤቱን ስም ይሰርዙት። እኔና አባትዬው በዚያ ከሰዓት በኋላ እንዲህ እያልን ስንሄድ ከአርባ ሦስቱ አሥራ ሰባት ተሰረዙ።

ቁጥር ካላልሽ አልለቅሽም የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ፣ በእኔ ልምድ ከዚህ ማጣሪያ በኋላ ውጤቱ ዝቅ ላለ አመልካች ከ15 እስከ 20 ኤም.ዲ. እና ከ8 እስከ 12 ዲ.ኦ. (ኦስቲዮፓቲ በሚባለው ዘርፍ ሐኪም የሚያሠለጥኑ) ትምህርት ቤቶች ይበቃሉ። ከማጣሪያው በፊት ግን ይህ ቁጥር ምንም አይጠቅምም።

የጽሑፉን ብዛት አለመቁጠር

ዋናው ማመልከቻ አንድ ነው፤ አምካስ በሚባለው ሥርዓት አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለአብዛኞቹ ኤም.ዲ. ትምህርት ቤቶች ይላካል። ወላጅ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ሐምሌ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ጥያቄዎች ይልካል፤ ተማሪዎች ሰከንደሪ ይሉታል። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት አጫጭር ጽሑፎች ይጠየቃሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይመከራል። ሠላሳ ትምህርት ቤት ማለት መቶ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ውጤት ያለው ልጅ ጽሑፉ ቢደክምም ውጤቱ ሊሸከመው ይችል ይሆናል፤ ደካማ ውጤት ያለው ግን የሚሸከመው ጽሑፉ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የምመክረው አንድ ልጅ ነበር። ውጤቱ ስላሳሰበኝ «ጨምር» አልሁት፤ ሠላሳ አምስት አደረሰው። ሰከንደሪዎቹ በመጡበት ሰሞን አያቱን ሊጠይቅ ባሕር ዳር መጣ፣ «ከአያቴ ቤት ሆኜ እጽፋለሁ» ብሎ። በዚያው ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ልጁ መስመር ያለበት ቦታ ፍለጋ ከሆቴል ሆቴል ሲዞር ከረመ። ዕንቁጣጣሽ ሲደርስ ገና አሥራ አንዱን ብቻ ነበር የመለሰው። የቀረውን በችኮላ እየገለበጠ ላከ፤ ለአንዱ ትምህርት ቤት የሌላውን ስም ጽፎ እንደላከ በኋላ አየነው። ያገኘው አንድ ቃለ መጠይቅ ነው፤ እሱም መጀመሪያ በጥንቃቄ ከጻፋቸው ከአንዱ። አሥራ ስምንት ብዬው ቢሆን ሁሉንም እንደዚያ በጻፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ከመናገሬ በፊት «በሐምሌ የት ነህ? በሳምንት ስንት ጽሑፍ በደንብ መጻፍ ትችላለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አያትን ለመጠየቅ ደግሞ ጥር ይሻላል፤ ጥምቀትም አለ።

ዲ.ኦ.ን እንደ ውርደት ማየት

«ሰው ምን ይላል?» ይሉኛል አባቶች። አባትዬውም አሉ፤ «ዶክተር አይባልም አሉኝ» ብለው። ይባላል። የዲ.ኦ. ተመራቂ በሃምሳውም ግዛቶች ሙሉ ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ የኤም.ዲ. እና የዲ.ኦ. ተመራቂዎች ለስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚገቡበት የዕውቅና ሥርዓት አንድ ሆኗል። ዲ.ኦ. ትምህርት ቤት የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ውጤት 3.6 ገደማ፣ ኤምካታቸው 504 ገደማ ነው። አሁን የልጅቱን 503 ከዚህ አጠገብ ያስቀምጡት። ሠላሳ ቦታ ስታመልክት ከእነዚህ አንድም አልነበረም! አንድ ዓመት ሙሉ ያለቀሰችው ቤተሰቧ ጎረቤት ምን እንደሚል ስለፈራ ነው፤ ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ አስተናጋጇ ዘወር ብላ አይታኛለች። ማመልከቻው አኮማስ በሚባል ሌላ ሥርዓት እንደሚሞላና አንዳንዶቹ ከዲ.ኦ. ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚፈልጉ ግን አስቀድመው ይወቁ።

ወጪውን ከመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ማስላት

አምካስ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 175 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ከ45 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ሠላሳ ቦታ ብቻውን ከ1,500 ዶላር ያልፋል። ለእያንዳንዱ ሰከንደሪ መቶ ዶላር ገደማ ሲታከልበት ሌላ 3,000 ነው። ሌሊት ታክሲ እየነዱ ይህን የሚከፍሉ ወላጆች አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ የክፍያ ድጋፍ መርሐ ግብር እንዳለ አልሰሙም። ገቢያቸው ከተወሰነው ጣሪያ በታች ለሆኑ የአሜሪካ ዜጎች፣ የግሪን ካርድ ባለቤቶችና ስደተኞች እስከ 20 ትምህርት ቤቶች ድረስ የአምካስን ክፍያ ያስቀራል፤ የኤምካትንም ዋጋ ይቀንሳል። ድጋፉ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት መገኘት አለበት፤ የተከፈለ አይመለስም። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

የኤምካት ውጤት ሳይመጣ ዝርዝሩን መዝጋት

ውጤት ለመምጣት አንድ ወር ያህል ይፈጃል፤ የኮሌጅ ውጤት ማጣራቱም ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ይላክ። ማጣራቱ በዚያ ይጀመራል፤ ኤምካቱ ሲመጣ የቀሩት ይጨመራሉ። ይህችን ያህል ብልሃት የማያውቅ አመልካች ብዙ ነው፤ ባልታወቀ ውጤት ሠላሳ ቦታ ከፍሎ ይቀመጣል።

በጥቅምት ተደናግጦ መጨመር

ጥሪ ሲዘገይ አሥር ቦታ ይጨመራል። ብዙዎቹ ማመልከቻ በመጣ ቁጥር እያነበቡ ወንበር የሚሞሉ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የቃለ መጠይቁ ቦታ ተጋምሷል። ገንዘቡን ለከርሞ ያስቀምጡት።

ሃዋርድ ይቀበለናል ብሎ መተኛት

በታሪክ የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ የሆነው ሃዋርድ የሕክምና ኮሌጁን የመሠረተው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሐኪም ላጣው ሕዝብ ሐኪም ማፍራት ዓላማው ነው። የእኛ ልጆች እዚያ ማመልከታቸው ተገቢ ነው። ግን የሚያነቡት ልጁ በችግረኛ ክሊኒክ ስንት ሰዓት እንዳገለገለ ነው እንጂ አባቱ ከጎጃም መምጣቱን አይደለም። የአገልግሎት ታሪክ የሌለው ልጅ እዚያም ከሺዎቹ አንዱ ነው።

ከዚሁ ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ በተማሪ ቪዛ ለምታመለክቱ ደግሞ አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጋ አይቀበሉም፤ ከሚቀበሉት ውስጥም የበርካታ ዓመት ክፍያ አስቀድማችሁ እንድታስይዙ የሚጠይቁ አሉ። ዝርዝራችሁ ከዚህ ይጀምር።

ሳይዘጋጁ ዳግም ማመልከት

ዳግም አመልካች የሚጠየቀው «ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን ተለወጠ?» ተብሎ ነው። አሥራ ሦስት ትምህርት ቤት መጨመር መልስ አይሆንም። ኤምካትንም ዝም ብሎ መደጋገም አይቻልም፤ በዕድሜ ዘመን ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ትምህርት ቤቶቹም ሁሉንም ውጤት ያያሉ። አንዳንዴ ትክክለኛው ቁጥር ለዘንድሮ ዜሮ ነው።

ይህን ለአባትዬው ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ልጃቸው ጋ ደወሉና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቨርጂኒያ ገና ጠዋት ነበር። ዝርዝሩን ከሃያ ስድስት እንዳደረስነውና ዲ.ኦ. እንደምንጨምር ነገርኋት። ትንሽ ቆየችና፣ «አክስቴ፣ እኔ በሚመጣው ሰኔ ማመልከት አልፈልግም። አንድ ዓመት ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ደግሜ ተምሬ፣ ኤምካት ተፈትኜ፣ በከርሞው ነው የምፈልገው። አባዬ እንዳያዝን ብዬ ነው ያልተናገርሁ» አለች።

አባትዬው ስልኩን አንሥተው ድምፅ ማጉያውን አጠፉና ወደ ሐይቁ በኩል ራመድ አሉ። ሲመለሱ ሁለተኛው ቡናቸው ቀዝቅዞ ነበር። «ለኬሚስትሪው ስንት ይከፈላል?» አሉኝ።