ከማናውቀው ሰው ስልክ ስንገዛ

ወደ ባዕድ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ወር ይዤው የመጣሁት ስልክ ባትሪው አበጠ። ስክሪኑን ከጠርዙ ገፍቶ አነሳው። አዲስ ለመግዛት አቅሙ አልነበረኝም። ሰዎች ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ላይ ገብቼ ስፈልግ አንድ ንጹሕ አይፎን አገኘሁ። ሻጩ ትሑት ነበር። ተገናኘን፣ ስልኩን ከፍቶ ሰጠኝ። ካሜራውን ሞከርኩ፣ ድምፁን ሰማሁ፤ ሁሉም ይሠራል። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁትና ተጨባብጠን ተለያየን። ማታ ቤት ገብቼ የእሱን ፎቶዎች ላጥፋና ከዜሮ ልጀምር ብል፣ ስልኩ የአንድ የማላውቀውን ሰው ፓስወርድ ጠየቀኝ። ለሻጩ ደወልኩ፤ አያነሳም። በማግስቱ ቁጥሩ ራሱ አይሠራም።

ከገንዘቡ በላይ የጎዳኝ ሌላ ነገር ነበር። የኢሚግሬሽን ቀጠሮ፣ የትምህርት ቤት መልእክት፣ የባንክ ኮድ፣ ሁሉም የሚመጣው በስልክ ነው። ለአዲስ ሰው ስልኩ ካርታውም አስተርጓሚውም ነው። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ዋናው ነገር ይኸው፦ ስልኩ መሥራቱ አንድ ነገር ነው፤ የእናንተ መሆኑ ደግሞ ሌላ። ብዙዎቻችን የምንፈትሸው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሚያስበላን ሁለተኛው ነው።

ከማስታወቂያው እንጀምር። ሞዴላቸውና ሜሞሪያቸው አንድ የሆኑ ስልኮችን አሥር ያህል አይታችሁ ዋጋቸውን አወዳድሩ። ከሁሉም በጣም የወረደው ላይ ዓይናችሁ ቢያርፍ አይገርምም። ግን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። «ነገ ከአገር ልወጣ ነው»፣ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቶሎ ወስን» እያለ የሚያቻኩላችሁን ሻጭ እዚያው ተዉት። የሚያቻኩል ሰው እንዳታዩበት የሚፈልገው ነገር አለ። ፎቶው ከፋብሪካው ድረ ገጽ የተወሰደ ከመሰላችሁ፣ ስልኩ በርቶ የሚታይበት አዲስ ፎቶ ይላክላችሁ። አጠገቡ ወረቀት ላይ የዛሬው ቀን ይጻፍበት። ስልኩ በእጁ ላለ ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ላንሳ። ቋንቋው ገና ስላልተስተካከለልን ጥያቄ ማብዛት ያሳፍረናል። ሰውየውን እንደ ሌባ የቆጠርነው ይመስለናል። እኔም ያን ቀን «አካውንትህን አውጣልኝ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሐቀኛ ሻጭ በጥያቄ አይከፋም። እሱም ሲገዛ የሚጠይቀው ነውና። በአፍ መጠየቅ ከከበዳችሁ ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩ። መልሱም በጽሑፍ ይቀርላችኋል፤ በኋላ ማስረጃ ይሆናል። የተገዛበት ደረሰኝ አለ? ክፍያው አልቋል ወይስ ገና በየወሩ የሚከፈልበት ነው? ለአንድ የቴሌኮም ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ነው? ተከፍቶ ተጠግኖ ያውቃል? አይኤምኢአይ ቁጥሩ ስንት ነው?

አይኤምኢአይ የሚባለው 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መታወቂያ ነው። መደወያው ላይ *#06# ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር አለው። ስልክ ሲሰረቅ ባለቤቱ ለቴሌኮም ኩባንያው ያመለክታል፤ ኩባንያውም ቁጥሩን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይበራል፣ በዋይፋይ ቪዲዮ ያሳያል፣ ፎቶ ያነሳል። ሲም ካርድ ሲገባበት ግን ኔትወርክ አያገኝም። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ በዋይፋይ ብቻ አሳይቶ ይሸኘዋል። በበርካታ አገሮች ቁጥሩ ታግዶ እንደሆነ በነጻ የሚጣራበት ገጽ አለ። የምትጠቀሙበትን የቴሌኮም ኩባንያ ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል። ሻጩ ቁጥሩን ቀድሞ ለመላክ ካልፈለገ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም፤ ለማያውቁት ሰው አለመስጠት ልክ ነው። ስትገናኙ ግን ራሳችሁ አውጥታችሁ እዚያው አጣሩ። ስክሪኑ ላይ የወጣው፣ ሴቲንግ ውስጥ ያለውና ካርቶኑ ላይ የታተመው አንድ ካልሆኑ ነገር አለ።

ቁጥሩ ዛሬ ንጹሕ መሆኑ ለነገ ዋስትና አይሆንም። ስልኩ በየወሩ በሚከፈል ውል የተወሰደ ከሆነና ሻጩ መክፈሉን ካቆመ፣ ኩባንያው ከወራት በኋላ ሊዘጋው ይችላል። ሸጦ ሲያበቃ «ጠፋብኝ» ብሎ ኢንሹራንስ የሚጠይቅም አለ። ደረሰኙን አጥብቄ የምፈልገው ለዚህ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ከሻጩ ስም ጋር ካልገጠመ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

የተሰረቀ ስልክ ጣጣው ከገንዘብ ያልፋል። ፖሊስ ካገኘው ሊወስደው ይችላል፤ ገንዘባችሁን ከሻጩ ማስመለስ ደግሞ የእናንተ ዕዳ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በብዙ አገሮች ወንጀል ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ገና ያላለቀለት ሰው በስልክ የተነሳ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ የለበትም። ካጠራጠራችሁ ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ስትገናኙ

ቀን ላይ፣ ሰው በሚበዛበትና ዋይፋይ ባለበት ቦታ ይሁን። ቤተ መጻሕፍት ወይም የገበያ ማዕከል ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ግብይት ቦታ የመደቡ ፖሊስ ጣቢያዎችም አሉ። ሻጩ ቤት አትሂዱ፤ እሱም እናንተ ቤት አይምጣ። ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ስልኩን ሲያይ ሌላው አካባቢውን ያያል። የሚሠራ ሲም ካርድ፣ የሲም መክፈቻ መርፌና ቻርጀር ከፓወር ባንክ ጋር ያዙ። ግማሽ ሰዓት እንደሚፈጅ ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት።

መጀመሪያ አካሉን እዩ። ነጭ ፎቶ፣ ቀጥሎ ጥቁር ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ይታይ፤ ነጠብጣብና ጥላ ካለ ይወጣል። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ስትደውሉ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ መፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ድምፃችሁን ቀድታችሁ አዳምጡ። ሁለቱንም ካሜራ፣ ቻርጁን፣ የጣት አሻራውን ወይም የፊት መክፈቻውን ሞክሩ። የሲሙን መሳቢያ አውጥታችሁ ቀዳዳውን በመብራት እዩ፤ በብዙ ስልኮች ላይ እዚያ ያለች ነጭ ምልክት ውኃ ከነካት ትቀላለች። አይፎን ነው የተባለው ላይ አፕ ስቶርን ስትከፍቱ ፕሌይ ስቶር ከመጣ፣ የያዛችሁት አስመስሎ የተሠራ አንድሮይድ ነው።

ባትሪ ላይ ትንሽ ቆዩ። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ተጽፎ ይገኛል። ከ80 በመቶ በታች ከወረደ መቀየሪያው ደርሷል፤ የመቀየሪያውን ሒሳብ ከዋጋው አስቀንሱ። እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች 500 ጊዜ፣ አይፎን 15ዎቹ ደግሞ 1000 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ 80 በመቶውን እንዲይዙ ነው የታሰቡት። ሁለት ዓመት በደንብ ያገለገለ ስልክ 100 በመቶ ካሳየ ባትሪው ሳይቀየር አይቀርም። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ በምን ባትሪ እንደተቀየረ ግን እወቁ። ከአይፎን 12 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» (ስለ ስልኩ) የሚለው ገጽ ላይ የተቀየረ ባትሪ፣ ስክሪን ወይም ካሜራ ካለ ተጽፎ ይታያል።

ዕድሜውንም አትርሱ። የደኅንነት ማሻሻያ የማይመጣለት ስልክ ውሎ አድሮ የባንክ መተግበሪያ አልቀበልም ይላል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት ማሻሻያ እንደሚሰጡ ቃል ገብተዋል። ዓመቱ የሚቆጠረው ግን ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለበት ጊዜ ነው፤ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም።

ከዚያ የራሳችሁን ሲም አስገቡ። ደውሉ፣ ይደወልላችሁ፣ ዋይፋዩን ዘግታችሁ ዳታ ክፈቱ። አይፎን ላይ «አባውት» ውስጥ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው አጠገብ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ለሁሉም ኩባንያ ክፍት ነው። ካናዳ ከ2017 መጨረሻ፣ ብሪታንያ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። አሜሪካ ግን እስካሁን የተቆለፈ ስልክ በሽ ነው። ሌላም አለ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም፣ ብቻ ነው። ለዘመድ ልትልኩት ካሰባችሁ ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሻጩ ራሱ፣ እናንተ እያያችሁ፣ ከአካውንቱ ይውጣ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግን ከፍቶ ከላይ ያለውን ስሙን ይነካል፣ እስከ ታች ይወርዳል፣ በቀይ የተጻፈውን «ሳይን አውት» ይጫናል። ስልኩ ፓስወርድ ይጠይቀዋል። ሲጽፍ ፊታችሁን አዙሩለት፤ ግን ሳያመነታ መጻፉን ልብ በሉ። የራሱ የሆነ ሰው ቢረሳው እንኳን እዚያው ያስተካክለዋል። «ቆይ፣ ለጓደኛዬ ልደውል» ካለ ወይም «ፓስወርዱን ማታ በቴክስት እልክልሃለሁ» ካለ ስልኩን መልሱለት። አንድሮይድ ከሆነ የጉግል አካውንቱን፣ ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንግ አካውንቱንም ጭምር ያውጣ። ሁለቱም ላይ ከዚያ በኋላ፣ ከሴቲንግ ውስጥ፣ ሪሴት ይደረግ፤ ማለትም ያለው ሁሉ ጠፍቶ ከዜሮ ይጀምር።

ስልኩ ጠፍቶ ይነሳል። ሰላምታው በተለያየ ቋንቋ እየተፈራረቀ ይመጣል። እዚህ ላይ አለቀ ብላችሁ ገንዘብ እንዳታወጡ። ስልኩ የሌላ ሰው መሆኑን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። ቋንቋ ምረጡ፣ ዋይፋይ አገናኙ፣ ጠብቁ። ግማሹ የተሸፈነ የሌላ ሰው ኢሜይል ወጥቶ ፓስወርድ ከጠየቀ፣ ወይም የቀድሞውን አካውንት አስገባ ካለ፣ በቃ፣ አትግዙ። የሚያስተዳድረው ድርጅት እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ ከመጣም ያው ነው፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ንብረት ሊሆን ይችላል። የእናንተን አካውንት ክፈቱ ብሎ ከጠየቀ ብቻ አልፏል። ሻጩ «ሪሴት አድርጌ ነው ያመጣሁት» ቢላችሁም ይህችን የዋይፋይ ደረጃ አትዝለሏት።

የቀድሞውን ባለቤት ፓስወርድ የሚጠይቀውን ይህን መቆለፊያ አፕል ያመጣው በ2013 ነው፤ አንድሮይድ በ2015 ተከተለ። ሌባ የሰረቀውን እንዳይጠቀምበት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ አፕል ራሱ የግዢ ማስረጃ ሳያይ አይከፍተውም። «እኛ እንከፍትልሃለን» ብለው ቀድመው ገንዘብ የሚጠይቁትን አትመኑ። ሁለተኛ መበላት ነው።

ገንዘቡ

ገንዘብ የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቀብድ የሚባል ነገር አይኑር። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ልኩን ብቻ ለብቻው ያዙ። ወዲያው የሚደርስ የባንክ ወይም የስልክ ክፍያ አንዴ ከሄደ ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው። በፔይፓል «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ ላኩ ካላችሁ እምቢ በሉ፤ በዚያ የሄደ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። በስጦታ ካርድ ክፈሉ የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ሻጩ ሩቅ ከሆነ ለገዢ ዋስትና በሚሰጠው በድረ ገጹ የራሱ ክፍያ ብቻ ግዙ፤ ዕቃው ሲደርስ ካርቶኑን ስትከፍቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቪዲዮ ይቀረጽ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ አዲስ ሰው ላይ ስለሚበዛ ደግሜ እለዋለሁ። «እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ፤ የላክሁልህን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ንገረኝ» ይላል። ያ ኮድ የእናንተ የዋትስአፕ ወይም የሌላ አካውንት ቁልፍ ነው። ለማንም አይነገርም። «የማድረሻውን ክፈል» ብሎ ሊንክ ከላከና የባንክ ካርድ ቁጥር ከጠየቀም አትንኩት።

ከሻጩ ጋር አጭር ወረቀት ተፈራረሙ። ስም፣ ቀን፣ ዋጋ፣ ሞዴል፣ አይኤምኢአይ ቁጥር፤ ሌላ አያስፈልግም። ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ማስታወቂያ ወዲያው ሊጠፋ ይችላል።

ከተበላችሁ በዚያው ቀን ለባንካችሁና ለድረ ገጹ አመልክቱ፤ ለፖሊስም አስመዝግቡ። በቋንቋ የሚያግዛችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እፍረት ይዟችሁ ቤት አትቀመጡ፤ እኔ ሦስት ቀን ተቀምጬ ነበር፣ ያ ሦስት ቀን አልጠቀመኝም። ያንን ስልክ ግን ለሌላ አዲስ ሰው ሸጣችሁ እንዳትገላገሉት። የእኔው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ሁሉም ሰላም ከሆነና ስልኩን ይዛችሁ ከገባችሁ፣ በዚያው ማታ ማሻሻያውን ጫኑ፣ የራሳችሁን መቆለፊያ ቁጥር አድርጉ፣ ስልክ ማፈላለጊያውን አብሩ። *#06# ደውላችሁ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ወረቀቱን ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ስልኩ ውስጥ አይደለም።