ደሴ ላይ ተቀያሪ ወርዋሪ እንዴት እንደማሠለጥን

ቤዝቦል ስታስተምሩ ሁሉም ልጅ ጨዋታ ከፋች ወርዋሪ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ጀምሮ ለመቺው ኳስ የሚወረውረው፣ መሆን ይፈልጋል። ተቀያሪው ግን ስድስት ሰባት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ተቀምጦ ያያል፤ የሚጠራው ነገር ሲበላሽ ነው። ሌላው ባበላሸው ላይ ገብቶ፣ ቤዞቹ (ሯጮች የሚቆሙባቸው ማረፊያዎች) በተቃራኒ ሯጮች ሞልተው፣ በአንድ ነጥብ ብቻ እየመሩ፣ ጨዋታውን ጨርሶ መውጣት አለበት። እኔ ደሴ ላይ የስፖርት መምህር ነኝ። ከቡድኑ ልጆች ሁሉ ይበልጥ የምለፋው ለዚህ ልጅ ነው፣ ምክንያቱም የሌሎቹን ሥራ ከሜዳው ዳር ሆኜ ማገዝ እችላለሁ፤ እሱ ግን አንዴ ከገባ ብቻውን ነው።

ስትመርጡት በፍጥነቱ አትሸወዱ። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ሳያስበው ሲጠራ ፊቱ ይለዋወጣል ወይ? ደጋግሞ ሲወረውርስ ኳሱ አንድ ቦታ ያርፋል ወይ? ከከተማው ዳር ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ልጆች በሁለተኛው ይበልጣሉ፤ ወንጭፍና ድንጋይ ትከሻቸውን አፍታቶ፣ ዓይናቸውን ስሎ ነው የሚልክልን። የእግር ኳስ በረኞችንም ሞክሩ፣ ብቻቸውን መቆምና መጠበቅ ለምደዋል።

ልጁ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ይጫወት ከነበረ አያሳስባችሁ። 601 ሴቭ (ድልን ጠብቆ መጨረስ) ያስመዘገበው ትሬቨር ሆፍማን ሲጀምር ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ፣ ነበር። ኬንሊ ጃንሰን የኳስ ተቀባይ ነበር። የፓናማው ማሪያኖ ሪቬራ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ የወተት ካርቶን እንደ ጓንት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ዱላ እያደረገ፣ ከአሮጌ የዓሣ መረብ በተጠቀለለ ኳስ ይጫወት ነበር። ወርዋሪ የሆነውም የቡድኑ ወርዋሪ ሲያቅተው እኔ ልግባ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ኒውዮርክ ያንኪስ አስፈረመው። በ1995 ጨዋታ ከፋች ሆኖ ሲሞከር አልተሳካለትም፣ ከ1997 ጀምሮ ግን የመጨረሻው ኢኒንግ የእሱ ሆነ፤ በ2013 ሲያቆም 652 ሴቭ ነበረው። ይህን ያህል ያስመዘገበ የለም። በ2019 የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ሲገባ ከመራጮቹ አንድም ድምፅ አልቀረበትም፣ ከእሱ በፊትም እንዲህ የተመረጠ አልነበረም። ሴቭ የሚባለው፣ ለተለመደው ሁኔታ፣ በሦስት ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ እየመሩ ገብቶ፣ ቢያንስ አንድ ኢኒንግ ወርውሮ፣ ድሉን ሳያስነጥቅ ለጨረሰ የሚመዘገብ ነው።

ኳስ ከሌላችሁ ሥሩት። ትክክለኛው ኳስ ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል፤ ውስጡ በሱፍ ክር የተጠቀለለ፣ ላዩ ቆዳ ነው። እኛ የላስቲክ ፍሬ መሐል አድርገን የሱፍ ክር እናጠብቅበትና ጫማ ሰፊ ቆዳ ያለብሰዋል። ሳይሰፋ በፊት የቅመም ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ከባድ ኳስ የልጅ ክርን ያበላሻል። ስፌቱ ወጣ ያለ ይሁን፣ ጣት የሚይዘው እሱን ነው። ለጎልማሳ ከወርዋሪው ጎማ እስከ መቺው ቤዝ የኋላ ጫፍ 18.44 ሜትር ነው፤ ለትንንሾቹ ወደ 14 ሜትር አቅርቡት።

አሁን ደሴ ላይ ለምናሠለጥን ሰዎች ዋናው ነገር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ኳስ የሚታጠፈው አየር ሲገፋው ስለሆነ፣ እዚህ የሚታጠፍ ኳስ ብዙም አይታጠፍም፣ የተመታው ግን ርቆ ይሄዳል። የአሜሪካዋ ዴንቨር በ1,600 ሜትር ላይ ሆና እንኳ ወርዋሪዎቿን ስላስቸገረች፣ ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ልጁን ኳስ አጥፍ እያላችሁ አታድክሙት። የሚያድነው ሁለት ነገር ነው፦ ቀጥተኛውን ኳስ ዝቅ አድርጎ በመምቻው ክልል ጠርዝ ላይ ማሳረፍና ፍጥነት መቀየር። ሆፍማን ትከሻው ከተጎዳ በኋላ ፍጥነቱ ሲቀንስ እንጀራው የሆነው ዝግ ያለው ኳስ ነው።

ዝግ ያለውን ኳስ እንዲህ አስይዙት። ኳሱ በጣቶቹ ጫፍ ሳይሆን ወደ መዳፉ ገባ ብሎ ይቀመጥ። አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ በኳሱ ጎን ተገናኝተው ቀለበት ይሥሩ፤ ቀሪዎቹ ሦስት ጣቶች ላዩ ላይ ይረፉ፣ አይጭመቁ። ከዚያ ክንዱን ልክ ቀጥተኛውን ኳስ እንደሚወረውረው በሙሉ ኃይል ይላከው። ኳሱን የሚያዘገየው አያያዙ ነው፣ ክንዱ አይደለም። ልጆች እዚህ ላይ ክንዳቸውን ያዘገያሉ፣ መቺውም ወዲያው ያውቅባቸዋል። እኔ ከመረብ ኋላ ቆሜ ክንዱን ብቻ አያለሁ፤ የትኛው ኳስ እንደሚመጣ ቀድሜ ካወቅሁ ለጨዋታ አልደረሰም ማለት ነው።

ብርዱን አትናቁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ ሜዳውን ሲሸፍነው የተቀመጠ ልጅ ጅማቱ ይደርቃል። ተቀያሪዬ ትከሻው ላይ ጋቢ ሳይኖር አይቀመጥም። ከአምስተኛው ኢኒንግ ጀምሮ እየተነሳ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ክንዱን ያዞራል፣ በአሥር ሜትር ርቀት ቀለል አድርጎ ይቀባበላል። ሲጠራ አሥራ አምስት ያህል ይወረውራል፣ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ሜዳ ሲገባ በቆየው ልማድ ስምንት ማሟሟቂያ ይፈቀድለታል፤ እነሱን የመሬቱን ጉድጓድ በእግሩ ለመለማመድ ይጠቀምባቸው።

ልምምዱን ደግሞ በድንገት አድርጉት። ልጆቹ ሌላ ሥራ ላይ እያሉ ፊሽካ እነፋና አንዱን እጠራለሁ፦ ቤዝ ሁሉ ሙሉ ነው፣ ከተቃራኒዎቹ አንድም ከጨዋታ አልወጣም፣ በአንድ እየመራን ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለችኝ፤ እሷ ስትገባ የምታደርገውን ሌሎቹ ቢያዩ እላለሁ። ለመቺው ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ኳሱን በሁለት መዳፏ ስፌቱ እስኪሞቅ ታሸዋለች። ትንፋሿን ረጅም ታወጣለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ በኋላ ከተቀባዩ ጓንት ሌላ የምታየው የለም። ሯጮቹ ሊያደናግሯት ሲጮኹ «አብሽሩ፣ ትመጣላችሁ» አለቻቸው አንድ ቀን፣ እውነትም አንዳቸውም አልደረሱም። ይህን ሁሉ በ15 ሴኮንድ ውስጥ እንድትጨርስ አሠልጥኛታለሁ፤ በአሜሪካ ዋናው ሊግ ከ2023 ጀምሮ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ ወርዋሪው የተሰጠው ይኼው ነው።

በሕጉ መሠረት ተቀያሪው ሲገባ ቤዝ ላይ የነበሩት ሯጮች ቢያስቆጥሩ ነጥቡ የሚጻፈው በቀድሞው ወርዋሪ ስም ነው። ለልጁ ይህ መሸሸጊያ እንዳይሆነው በደብተሬ ሌላ ዓምድ አበጅቻለሁ፦ ስንት ሯጭ ተረከበ፣ ስንቱን አስቀረ። የጓደኛውን ስም ማዳን ዋናው ሥራው መሆኑን ከዚህ ዓምድ ይማራል።

ሲሸነፍ ምን እንደምትሉትም ቀድማችሁ አስቡ። ሪቬራ በ2001 አሜሪካኖቹ «የዓለም ዋንጫ» በሚሉት የሊጋቸው ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ፣ 2 ለ 1 እየመሩ፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ ድሉን አስነጥቋል። በ2004 ከቦስተን ቡድን ጋር ሲጫወቱም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆነበት። በ2005 ቦስተን ሜዳ ላይ ስሙ ሲጠራ የከተማው ሕዝብ ድሉን ሰጥተኸናልና ተባረክ በሚል ስሜት አጨበጨበለት፤ እሱም ሳቀና ባርኔጣውን አነሳላቸው። ከዚያ በኋላ በ2009 ዋንጫውን የጨረሰው እሱ ነው። ይህን ታሪክ ልጆቹ ከመሸነፋቸው በፊት ነው የምነግራቸው፣ ከተሸነፉ በኋላ ሲሰሙት ማስታመሚያ ይመስላቸዋል። በተሸነፉ ማግስት ጥፋት አልተነትንም። ጠርቼ አሥር ቀላል ኳስ አስወረውራለሁ፣ በቃ።

ኮምቦልቻ ወርዳችሁ የምትጫወቱ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ውረዱ። ሐረጎን ቁልቁል ስትጨርሱ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ጠርዝ ላይ ያርፍ የነበረው ኳስ እዚያ ከጠርዙ ይወጣል። ልጁ ይህን በጨዋታው መሐል ሳይሆን በዋዜማው ይየው።

ክንዱን ቁጠሩለት። እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ በቀን እስከ 20 ከወረወረ በማግስቱ መጫወት ይችላል፤ ከ21 እስከ 35 አንድ ቀን፣ ከ36 እስከ 50 ሁለት ቀን፣ ከ51 እስከ 65 ሦስት ቀን፣ ከዚያ በላይ አራት ቀን ያርፋል። ሦስት ቀን በተከታታይ ፈጽሞ አይወርውር። ተቀያሪ ላይ የሚረሳው፣ ተነስቶ ሲያሟሙቅ ቆይቶ ሳይገባ የቀረበት ቀን ነው፤ እኔ ያንንም በደብተሬ እጽፈዋለሁ፣ ክንዱ ሠርቷልና። ክርኔን አመመኝ ካለ ልምምዱ እዚያው ይቆማል፣ ቀጥሎ ሐኪም ነው።

ወላጅንም አናግሩ። ብዙዎቹ ልጆች ከልምምድ ሲመለሱ ውኃ የሚቀዱ ናቸው። እናታቸውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ቡናም ተፈልቶ ከሆነ ጠጥቼ፣ «እማማ፣ ዛሬ በወረወረበት ክንድ ጀሪካን አያንሳ፣ በግራው ይሁን ወይ ታናሽየው ያግዘው» እላለሁ። እስካሁን እንቢ ያለችኝ እናት የለችም።