ዋሽንግተን ዲሲ ቤት ተከራይተው ግድግዳው ሻጋታ ካወጣ

አዲስ የገባ ሰው ኪሱ የሚችለው ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ወይም ያረጀ አፓርትመንት ነው፤ ሻጋታም አይጠፋውም። ከአልጋ ጀርባ ወይም ክሎዜት ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ስናይ በረኪና ገዝተን እናሽና ዝም እንላለን። ቢበዛ የሜንቴናንሱን ሰውዬ ኮሪደር ላይ ስናገኘው እንነግረዋለን፣ እሱም «እሺ» ብሎ ያልፋል። ኋላ ነገር ቢመጣ ግን መንገርዎን የሚያስረዳልዎ የለም።

በዲሲ ሕግ ተከራይ ሻጋታ መኖሩን በጽሑፍ ካሳወቀ አከራዩ በ7 ቀን ውስጥ መጥቶ ማየት፣ ካየ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማስወገድ አለበት። ሻጋታው ከ10 ስኩዌር ፊት (አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ገደማ) ካላነሰ ሥራው ፈቃድ ላለው ባለሙያ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ምንም ሳይነኩ ፎቶ ያንሱና ኢሜል ይላኩ፦ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ መቼ እንዳዩት፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለም እሱን ጨምረው። እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ግድ የለም። ላዩን ቀለም ቀብተው ቢሄዱ ግን አስወገዱ አይባልም፤ እንደገና ይጻፉ።

አከራዮች ቶሎ የሚመዙት መልስ «እናንተ ምግብ ስለምታበስሉ ነው» የሚል ነው። ጨርሶ ሐሰት አይደለም። በክረምት መስኮት ዘግተን እንጀራ ስንጋግር ከምጣዱ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ፋን ማብራት፣ አልጋን ከውጪው ግድግዳ ትንሽ ማራቅ፣ የረጠበ ምንጣፍን በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ማድረቅ የእርስዎ ድርሻ ነው። ርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፤ የቤቱን ርጥበት ከ60 በመቶ በታች ያቆዩት። እድፉ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወይም ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ሻወር በወሰደ ቁጥር የሚሰፋ ከሆነ ግን ነገሩ የቧንቧ ወይም የጣሪያ ነው፤ እሱን ማስጠገን የአከራዩ ዕዳ ነው። የተበላሸ የመታጠቢያ ቤት ፋንም እንደዚያው።

ተናደው ኪራይ እንዳያቆሙ። አከራዩ ባለመክፈል ይከስስዎታል፣ ሻጋታው ቀርቶ ስለ ኪራዩ ሲከራከሩ ይከርማሉ። ይልቅ ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውለው የቤት ኢንስፔክሽን ይጠይቁ። «አማርኛ» ማለት ይበቃል፤ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አስተርጓሚው በነፃ ነው። ካልሆነ የዲሲ ፍርድ ቤት፣ ሱፒሪየር ኮርት ውስጥ የቤት ጥገና ጉዳይ ብቻ የሚታይበት ችሎት አለ፣ ጠበቃ የግድ አይደለም። ከዚያ በፊት የከተማው የተከራዮች ቢሮ፣ ኦፊስ ኦፍ ዘ ቴናንት አድቮኬት፣ በነፃ ያማክርዎታል። «ብከስሳቸው ያስወጡኛል» የሚል ፍርሃት ካለብዎ፣ አቤቱታ ባቀረቡ በ6 ወር ውስጥ አከራዩ ሊያስወጣዎ ቢነሳ ሕጉ በቀል ነው ብሎ ይገምታል፤ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ አሌክሳንድሪያም ቨርጂኒያ። እዚያ የሚኖሩ ከሆነ እነዚህን ቀናት ይዘው አይከራከሩ፤ የየስቴቱን ሕግ ይጠይቁ።