ፖርት ማስተላለፍ እምቢ ሲል ፓኬቱ የት እንደቀረ መፈለግ

ድሬዳዋ ከዚራ ያለ አንድ የመለዋወጫ መደብር የሒሳብ ሰርቨሩን ሐረር ካለው ቅርንጫፉ መክፈት አቅቶት ጠራኝ። የመደብሩ ባለቤት በር ላይ ተቀብለውኝ «ልጄ፣ አንተ አራተኛው ነህ፤ የመጣው ሁሉ አንድ ነገር ነካክቶ ይሄዳል» አሉኝ። እስኪስተካከል ድረስ የሐረሩ ሠራተኛ ሒሳቡን በፍላሽ ይዞ በየሳምንቱ በደንገጎ መንገድ ይመላለስ ነበር።

ራውተሩ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ዴቢያን ሊኑክስ ተጭኖበታል። ከውጭ በአንድ ፖርት (በአንድ የበር ቁጥር) የሚመጣውን ፓኬት፣ ማለትም ቁራጭ መረጃ፣ ወደ ውስጡ ሰርቨር ማሳለፍ ያለበት እሱ ነው፤ ፖርት ማስተላለፍ የሚባለው ይህ ነው። የፋየርዎሉን (የሚያልፈውንና የሚታገደውን የሚለየውን ማጣሪያ) ደንቦች ስከፍት ለአንዲት 8080 ፖርት ሰባት የማስተላለፊያ መስመር ተደራርቦ አገኘሁ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በጣም ያሳዝነኛል። ጥፋቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ደንብ ሲደረብ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ብልሽቱን ከጥገናው መለየት አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያ ያለውን ቅንብር እንዳለ በፋይል ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ፓኬቱ የት ላይ እንደሚቆም በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ አንድም መስመር አትንኩ።

የውጭውን ካርድ አድራሻ ተመልከቱ። በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ከፊታችሁ አድራሻ የሚለውጥ ሌላ መሣሪያ አለ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ደግሞ አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው፤ ያኔ በራውተራችሁ ላይ የምትጽፉት የማስተላለፊያ ደንብ ከውጭ ለሚመጣ ሰው በር አይከፍትም። አቅራቢውን የራሳችሁን የሕዝብ አድራሻ ጠይቁ፤ ካልሆነም ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ወደተከራያችሁት ሰርቨር አስጀምሩ። በመደብሩ ያገኘሁት 192.168.1.2 ነበር። በቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ሞደም ፓኬቱን ለራውተሩ እንዲያሳልፍ ማንም አላዘዘውም።

ሙከራው ሁልጊዜ ከውጭ ይሁን። በመደብሩ ዋይፋይ ላይ ሆኖ የመደብሩን የውጭ አድራሻ መሞከር ያሳስታል፤ ብዙ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውስጥ ለሚመለስ ጥያቄ የተለየ ደንብ ይፈልጋል። እኔ ለሐረሩ ሠራተኛ ደውዬ «ወንድሜ፣ ስልኩን ሳትዘጋ በየግማሽ ደቂቃው ሞክርልኝ» አልኩት፤ በራውተሩ ላይ ደግሞ «ቲሲፒደምፕ»ን (በካርዱ የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳይ ፕሮግራም) በውጭው ካርድ ላይ ለ8080 ብቻ ከፈትኩ። ሞደሙን ካስተካከልኩ በኋላ የመጀመሪያው የግንኙነት ጥያቄ ብቅ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ቲሲፒደምፕ በሊኑክስ ላይ ገቢውን ፓኬት የሚያየው ፋየርዎሉ ከመመርመሩ በፊት ነው። በውጭው ካርድ ላይ መታየቱ መድረሱን እንጂ መፈቀዱን አያሳይም። ወጪውን ግን የሚያየው ፋየርዎሉ ካሳለፈው በኋላ ነው፤ በውስጠኛው ካርድ ላይ ካያችሁት በእርግጥ አልፏል።

በውስጠኛው ካርድ ላይ ምንም አልነበረም። ያኔ የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው የማለፊያው ደንብ፣ ማለትም ፓኬቱ እንዲያልፍ የሚፈቅደው የፋየርዎሉ መስመር ነው፤ የመድረሻ አድራሻው የሚለወጠው ከማጣሪያው አስቀድሞ ስለሆነ፣ የማለፊያው ደንብ የውስጡን አድራሻና የውስጡን ፖርት መጥቀስ አለበት። ሁለተኛው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ፓኬት ከካርድ ወደ ካርድ እንዲያሻግር የሚፈቅደው ቅንብር ነው፤ 1 መሆን ሲገባው 0 ሆኖ አገኘሁት። የሆነ ሰው በእጁ ከፍቶት፣ በ«ሲስኮንትል» ፋይል (የከርነሉ ቋሚ ቅንብር በሚቀመጥበት) ውስጥ ሳይጽፈው ስለሄደ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተመልሶ ተዘግቷል። በፋይሉ ውስጥ ጻፍኩት።

አሁን በውስጠኛው ካርድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይደጋገም ጀመር፦ 10.10.0.20 ማን ነው? መልስ የለም። ሰርቨሩ አድራሻውን የሚቀበለው በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድል አገልግሎት) ስለሆነ ከ10.10.0.20 ወደ 10.10.0.34 ተቀይሯል። በካርዱ የማክ አድራሻ (በካርዱ መለያ ቁጥር) ቋሚ አድራሻ ያዝኩለት። የእናንተ ፓኬት ሰርቨሩ ደርሶ መልሱ ካልተመለሰ፣ የሰርቨሩን መውጫ መንገድ እዩ፤ በሌላ ሞደም በኩል እየወጣ ይሆናል። «ግንኙነት ተከልክሏል» የሚል ፈጣን መልስ ከመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም ማለት ነው፤ በ«ኤስኤስ» ትእዛዝ የሚያዳምጡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አውጡ። 127.0.0.1 (ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ከውጭ ማንንም አይሰማም።

መንገዱ ሲከፈት 8080ን እንዲሁ ትቼ መሄድ ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። «እትዬ፣ ይህን በር ዓለም ሁሉ ሊያንኳኳው ይችላል» ብያቸው በራውተሩ ላይ ዋየርጋርድን (ቁልፍ ያለው ብቻ የሚገባበት የተመሰጠረ መስመር) ጫንኩ፤ ለሐረሩ ኮምፒውተርም ቁልፍ ሰጠሁት። ሞደሙ የሚያሳልፈው 51820 የዩዲፒ ፖርትን ብቻ ሆነ። ሰባቱንም መስመሮች ሰረዝኳቸው።

«መብራት ቢጠፋስ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሞደሙን፣ ራውተሩንና ሰርቨሩን በሥርዓቱ አጥፍቼ እንደገና አስነሣኋቸው፤ ምንም ሳልነካ ሐረር ደወልን። ሠራተኛው የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከሰርቨሩ አነበበ፤ እትዬም በእጃቸው ካለው የካርቦን ቅጂ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩት።